ከአናጢው ሱቅ ፊት የነበረው ጃካራንዳ

በከተማው የአረንጓዴ ልማት ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች አንዲት የዛፍ ተቆጣጣሪ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «እትዬ ቁጥር» ይሏታል። በየመንገዱ ዳር በቆመው ዛፍ ላይ ሁሉ ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ቆርቆሮ በሚስማር የምትመታው እሷ ናት። ሳታገባ ሃምሳን ስለተሻገረች ደግሞ «ባል ቢመጣላት እንኳ ደረቱ ላይ ቁጥር መትታ መዝገብ ውስጥ ታስገባዋለች» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ቀልዱ ተከትሏት ይገባል።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች አሉት። በአንደኛው ወንበር ትቀመጣለች፤ በሌላኛው ላይ፣ እንግዳ ስለማይመጣ፣ የታጠበ ልብስ ትደረድርበታለች። ብቻዋን ስታወራ ራሷን እንዳትሰማ ሬዲዮ ከፍታ ታመሻለች።

ሥራዋን ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። ጠዋት የእንጨት መዶሻዋን፣ ሜትሯንና መዝገቧን ይዛ ትወጣለች። ግንዱን ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ትሰጣለች። ጤነኛ ግንድ ድምፁ ድፍን ነው፤ ውስጡ የበሰበሰው እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። የሳሙና እጣቢ ሥሩ ላይ የሚደፉትን ትቆጣለች፤ ማስታወቂያ የሚቸነክሩትን ትለምናለች። «አንቺስ ትቸነክሪበት የለ?» ሲሏት «እኔማ መታወቂያ ነው የሰጠሁት» ብላ ታልፋለች።

ይህች ሴት የቀራት የሥጋ ዘመድ አንድ ታላቅ ወንድም ብቻ ነበር። አናጢ ነው። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ፊደል ያስቆጠራት፣ ደብተር የገዛላት፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እጇን ይዞ የወሰዳት እሱ ነው። ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላም ከ«ወንድም ጋሼ» ሌላ ጠርታው አታውቅም። ከሱቁ ፊት ለፊት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ስምንት የሆነ አንድ ትልቅ ጃካራንዳ ቆሞ ነበር። ቅርንጫፉ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ ይሸፍንበታል።

«እህቴ ሹም ሆና እኔ በቅጠል ልጋረድ?» ይላታል፣ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን በምር።

«ዛፉ ካንተ በፊት ነው እዚህ የመጣው፤ ታላቅህን አክብር» ትለዋለች።

ይሳሳቃሉ። እሑድ እሑድ ምሳዋን እሱ ቤት ነበር የምትበላው።

ከሰባት ዓመት በፊት ግን ነገር ተበላሸ። የጃካራንዳው ቅጠል ያለ ጊዜው መገርጣት ጀመረ። ተቆጣጣሪዋ ተንበርክካ ግንዱን ስትዳብስ፣ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጣት የሚያስገቡ ሦስት ቀዳዳዎች አገኘች። በሰም ተደፍነዋል። ሰሙን በቢላ ስታነሳው የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዋን መታት። ቀዳዳዎቹ ያሉት በወንድሟ ሱቅ በኩል ነው።

መሰርሰሪያ ያለው አናጢ ነው፤ ዛፉን ሲያማርር የኖረውም አናጢ ነው። ልትጠይቀው ወደ ሱቁ በር ሁለት ጊዜ ተራመደች፤ ሁለት ጊዜም ከመንገድ ተመለሰች። በመጨረሻ ቢሮዋ ገብታ ሪፖርቱን ጻፈች፤ በተጠርጣሪ ቦታ ላይም የወንድሟን ስም ከነአባቱ አሰፈረች። ለዘመዷ አዳላች እንዳትባል፣ ለባዳ ከምትጽፈው ይልቅ አጥብቃ ጻፈችው።

አናጢው ተጠርቶ መጣ። ሰባት ሰዎች በተቀመጡበት የስብሰባ አዳራሽ ሪፖርቱ ተነበበለት። ኃላፊው «ምን ትላለህ?» ሲለው፣ እሱ እህቱን ብቻ አየ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የምለው የለኝም» አለና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ማስረጃ አልተገኘምና ጉዳዩ ተዘጋ። ወንድምና እህት ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በዓመቱ የወንድሟ ልጅ ስታገባ ወሬውን ከሰው ሰማች። ቆይቶም ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ፤ ያንንም የሰማችው ከሰው ነው።

እሷ ዛፉን ማስታመም ያዘች። የሞተውን እንጨት ፋቀች፤ ሥሩን ቆፍራ አዲስ አፈር ሞላች፤ እሑድ እሑድ ውኃ በጀሪካን እየጎተተች አጠጣች። እሑዷ ባዶ ቀርቶባት ነበርና። ዛፉ አልሞተም፤ አልዳነምም። አንድ ጎኑ ያብባል፤ ሌላው ጎኑ ዓመት በዓመት እየደረቀ ሄደ።

ዘንድሮ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ግንዱን በመዶሻዋ መታችው። አስተጋባ። ዞራ በሌላ በኩል መታችው፤ አሁንም አስተጋባ። የደረቀው ትልቅ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ነው። አንድ ጠንካራ ነፋስ ቢገነጥለው እታች የቆመ ሰው አይተርፍም። ቅርንጫፉ ብቻ ይነሳ እንዳትል ግንዱም አላስተማመናትም። «ይቆረጥ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ማስታወቂያው አሥራ አምስት ቀን ግንዱ ላይ ተለጥፎ ቆየ። ተቃዋሚ አልመጣም። እንዲህ ያለውን ስትቃወም የኖረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ፈራሚዋ እሷው ሆነች።

ዛፉ በሚቆረጥበት ቀን መንገዱ በገመድ ተዘጋ። ከፍታ ስለማይፈራ «ጦጣው» የሚሉት ባለመጋዝ ወጥቶ ከላይ እየቆረጠ፣ ጓደኞቹ እንጨቱን በገመድ ቀስ እያሉ አወረዱ። እኩለ ቀን ሲሆን ጉቶ ብቻ ቀረ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው። የድሮዎቹ ሦስት ቀዳዳዎች በነጩ እንጨት ውስጥ ጥቁር መስመር ሆነው እስከ በሰበሰው መሃል ድረስ ገብተዋል።

ከአናጢው የድሮ ሱቅ ጎን ያለው የፀጉር አስተካካይ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ አንድም ደንበኛ ሳያስቀምጡ ከጠዋት ጀምሮ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አሁን ገመዱን ተሻግረው መጡ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዛፉ ጋር አብሮ ይቀበር ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

«ይበሉ ጋሼ።»

«የበሳሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ዛፉን። ወፉ ኩሱን የደንበኛዬ ራስ ላይ ሲጥል፣ ጥላው ቤቴን አጨልሞት በቀን መብራት ሳበራ፣ ተማረርኩ። መስታወት ልሰቅል ነው ብዬ መሰርሰሪያውን ከወንድምሽ ተዋስኩ።»

ተቆጣጣሪዋ ጉቶው ላይ ተቀመጠች።

«ወንድሜ ያውቃል?»

«ሲያውሰኝ አላወቀም። ከአዳራሹ የተመለሰ ዕለት ግን እግሩ ላይ ወድቄ ነገርኩት። ‹ሄጄ ልናዘዝ› ስለው ‹አርፈው ይቀመጡ› አለኝ። ‹እሷ ሳትጠይቀኝ ከጻፈች፣ እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም› አለ። እኔም ፈሪ ነኝና አርፌ ተቀመጥኩ።»

ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ማበጠሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ሰባት ዓመት ጋሼ!» ብቻ አለች።

ጦጣው ከወዲያ በኩል «እትዬ፣ ጉቶውን እንንቀለው ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቀ።

«ንቀሉት» አለችው፤ ተነሥታም ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

የወንድሟ የአሁኑ ሥራ ቤት በከተማው ጫፍ፣ ከጎማ ጠጋኝ አጠገብ ያለ መጋዘን ነው። ስትገባ የጠረጴዛ እግር እየላገ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አስሮታል። ቀና ብሎ አያት፤ እጁ ቆመ፤ ከዚያ መላጉን ቀጠለ።

«እንደምን ዋልክ ወንድም ጋሼ።»

«ደህና።»

«ጃካራንዳውን ዛሬ ቆረጥነው።»

«ሰማሁ።»

«የድሮ ጎረቤትህ ነገሩኝ።»

መላጊያው ቆመ። «እስከ ዛሬ ቆዩ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መንገዱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ እንደ ብናኝ በነነ። የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር።

«ፈራሁ» አለች። «ብጠይቅህና አዎ ብትለኝስ? ካንተ ሌላ ማን አለኝ? ከአፍህ ከምሰማው ወረቀት ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።»

ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ብዙ ጠረገ።

«እኔ እኮ በዚያ አዳራሽ ‹አንቺ ነሽ የጻፍሽው› ስልሽ፣ ‹አይደለሁም› ብለሽ እንድትዋሺኝ ነበር የፈለግሁት። አዎ፣ ውሸትሽ ይሻለኝ ነበር።»

«ይቅር በለኝ።»

«ሰምቻለሁ። ግን ሰባት ዓመት በአንድ ከሰዓት በኋላ አይላግም። ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

በግድግዳው ሥር ስድስት አዳዲስ ወንበሮች ተደርድረው ነበር። በአንዱም ላይ ተቀመጪ አላላትም።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፈች። «ሳልጠይቅና ሳላጣራ የንጹህ ሰው ስም አጥፍቻለሁ» ብላ፣ በዚያው አዳራሽ እንዲነበብ አመለከተች። ተነበበ። ነገር ግን ከሰባቱ ሰዎች አንዱ ሞቷል፤ ሌሎቹ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ተዛውረዋል። የድሮውን የሚያስታውሰው ሰነድ ያዡ ብቻ ነበር። አዲሶቹ ተያዩ፤ አንዱ ሰዓቱን አየ። ሲያልቅ አዲሱ ኃላፊ «ጥሩ፣ ፋይሉ ላይ ይያያዝ» ብሎ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። በሰው ፊት የተደፋ ስም በባዶ አዳራሽ አይታፈስም፤ ያንን ቆማ አየችው። ኮፒውን ለወንድሟ በፖስታ ላከችለት።

አንድ ወር አለፈ። በጉቶው ጉድጓድ ውስጥ ችግኝ ተተከለ። ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት ጠዋት ውኃ ሲያጠጡት ታያቸዋለች፤ እጃቸውን ያነሱላታል፤ እሷም ታነሳለች፤ አይነጋገሩም።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ደብዳቤሽን አነበብኩት» አለ ወንድሟ።

«እሺ።»

«‹ንጹሕ› ላይ በሐመሩ ሐ ፈንታ ሃሌታውን ሀ ጽፈሻል። ይህን ነው ያስተማርኩሽ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ስባ ቃሉን እንደገና ጻፈችው። ሁለቱም ስልኩን አልዘጉትም። ከበስተጀርባው የሳህን ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማታል።

«በይ ደህና ዋይ» አላት በመጨረሻ። ነይ አላላትም።

በሚቀጥለው እሑድ አልደወለም። በሦስተኛው እሷ ደወለች። ያነሳችው የወንድሟ ልጅ ልጅ ናት፤ መወለዷን እንኳ ተቆጣጣሪዋ የሰማችው ከሰው ነው።

«ማን ልበል?» አለች ልጅቷ።

«የአያትሽ እህት ነኝ የኔ እናት።»

«አያቴ እህት አለው እንዴ?»

ተቆጣጣሪዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«አለችው» አለች። «ጠይቂው እስቲ።»

ልጅቷ ስልኩን እንደያዘች ሮጠች። «አባባ! እህት አለህ?» እያለች ስትጮህ ይሰማል። ተቆጣጣሪዋ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ጠበቀች።

«አዎ» ሲል ሰማችው፣ ከሩቅ። «አለችኝ። አምጪው ስልኩን።»