ድብልቅ ዘር

አንድ እናት የወለደቻቸው፣ በአንድ መደብ ላይ የተኙ፣ አንድ ዓይነት የወባ ኪኒን፣ ክሎሮኪን፣ የወሰዱ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ድኖ ሌላው ለምን ይወድቃል? ሸምሲያ መልስ አልነበራትም። መልስ ያጣችለት ነገር ደግሞ ቶሎ አይለቃትም፤ ማዕድ ላይ እንኳ አብሯት ይቀመጣል።

ጊዜው 1979 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ሸምሲያ የጀጎል ልጅ ናት፤ ስለ ወባ የተማረችው ግን ባሕር ማዶ፣ ሶፊያ ከተማ፣ ወባ ከመጽሐፍ በቀር በማይታይበት አገር ነው። ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷን ብትይዝም ሻንጣዋን ገና ፈትታ አልጨረሰችም። ከሸዋ በር ውጭ ባለችው የወባ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ትውልና ወደ ቤት ስትመለስ፣ «የተማርኩት እውነት እዚህ ይሠራል?» ትላለች ለራሷ።

ወንድማማቾቹ ቡሽራና ጀማል ይባላሉ። ኤረር ሸለቆ ካለው የአባታቸው እርሻ ሰንብተው ሲመለሱ ሁለቱንም ትኩሳት ጣላቸው። በሁለቱም ደም ውስጥ ያው ገዳዩ የወባ ዓይነት ታየ፤ ሁለቱም እኩል ኪኒን ተሰጣቸው። ቡሽራ ተነሥቶ ሱቁን ከፈተ። ጀማል ጥቂት ቀን ቀለል ካለው በኋላ እንደገና ወደቀ። ትንኝ ወዳለበት ሸለቆ ተመልሶ አልወረደም፤ ከቤትም አልወጣም።

«ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ ሆነ?» አሉ የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ እንደሻው፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው መጥተው እዚሁ የሸበቱ ሰው ናቸው። «ኪኒኑን አልጨረሰማ። ጀጎል ውስጥ ሳይካፈል የሚዋጥ ነገር የለም። አንዷን ራሷን ካመማት መድኃኒቱ የሰፈሩን ሴቶች ማኅበር፣ አፎቻውን በሙሉ ያዳርሳል።»

«ሌላውን የወባ መድኃኒት፣ ፋንሲዳሩን ብንሰጠውስ?» አለች ሸምሲያ።

«ያችን ብልቃጥ? ለወረዳው ሁሉ ያለን እሷ ናት። ኪኒን ላካፈለ ሰው ቁምሳጥን አልከፍትም። መዋጡን አረጋግጪና ነይ፣ የሶፊያዋ።»

ሸምሲያ በፈላና በር በኩል ጀጎል ገብታ ወንድማማቾቹ ቤት ደረሰች። ጀማል መደቡ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። እናቱ እማማ ኸዲጃ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ኪኒኑን ለሰው ሰጥተዋል?»

እማማ ኸዲጃ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ልትቆጪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

«ሰጥቻለሁ። ጎረቤቴ ዘቢባ ስትንቀጠቀጥ እያየሁ ዝም ልበል? አላህ አይጠይቀኝም?»

አቶ እንደሻው ልክ ነበሩ ማለት ነው። ልትነሣ ብላ፣ መጠራጠር ልማዷ ነውና፣ አንድ ነገር ጨመረች። «ከጀማል ድርሻ ነው የሰጧት?»

«ከጀማል? ወላሂ የሱን አልነካሁም! ጀማል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደካማ ነው። ውሃ ይዤ ከላዩ ቆሜ ነው ያስዋጥኩት። የሰጠኋት የቡሽራን ግማሽ ነው። እሱ በሬ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ።»

«መራራ ሲሆን ለኔ ይሞላል» አለ ጀማል ከብርድ ልብሱ ሥር። «ማር ሲሆን ለቡሽራ።»

ሸምሲያ ሳቋ አመለጣት፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ግማሹን የወሰደው ድኗል፣ ሙሉውን የዋጠው ወድቋል። ነገሩ ከዋጩ ሳይሆን ከወባው ነው።

«እማማ፣ ኤረር ላይ ማሽላ ስትዘሩ ዘሩ አንድ ዓይነት ነው?»

«እንዴት አንድ ይሆናል? ቀዩም፣ ነጩም፣ ቶሎ የሚደርሰውም ተደባልቆ ነው። ዝናብ ሲያጥር አንዱ ቢከዳን ሌላው ይደርስልናል።»

«ወባውም እንደዚያው ነው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ዘሩ ግን ድብልቅ ነው። የቡሽራው ወባ ኪኒኑ የሚያደርቀው ነበር። ጀማል ላይ የማይደርቅም ተዘርቶበታል። እኛ ደካማውን ነቀልንና ማሳውን ለብርቱው ለቀቅንለት። ሸለቆ ወርዶ ትንኝ ብትነክሰው ደግሞ ያንኑ ብርቱ ዘር ለሌላው ታደርሳለች።»

«ልጄን ማሳ አደረግሽው።»

«ለጊዜው ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ቶሎ አርሚልኝ።»

አቶ እንደሻው ታሪኩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ኸዲጃ ሳታውቀው ሙከራ ሠራችልን በይኛ!» ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡት። «ከተሳሳትሽስ? ነገ ለሌላ ሰው ቢያስፈልግ ብልቃጧ ባዶ ናት።»

«ልሳሳት እችላለሁ» አለች ሸምሲያ። «ግን እኔ እርግጠኛ እስክሆን ጀማል አይቆይም።»

ቁልፉን ከኪሳቸው ለማውጣት ትንሽ ዘገዩ፤ አወጡት ግን።

ሸምሲያ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ከጀማል ደም ጥቂት ቀድታ ላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቡሽራ የመጀመሪያ ምርመራ ከተረፈው ደም ጎን አስቀመጠች። ከሳምንት በኋላ ደሙን ስትመረምር አንድም ወባ አላገኘችም፤ አላምን ብላ ሌላ ጠብታ ወሰደች። እሱም ንጹሕ ነበር። ጀማል ራሱ በእግሩ ፓፓያ ተሸክሞ መጣ። «እናቴ ማሳው ታርሟል ወይ ብለህ ጠይቅ ብላኛለች» አለ።

ዘቢባም መጥታ የራሷን ሙሉ ኪኒን እዚያው ዋጠች። አቶ እንደሻው ከዚያ ወዲህ ኪኒን የወሰደ ሁሉ፣ ደህና ነኝ ቢልም ባይልም፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ እንዲመረመር አዘዙ። የሸዋ በር ነጋዴዎች «ለዳነ ሰው ደግሞ ምን መርፌ ያስፈልገዋል?» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ጣታቸውን ግን ይሰጣሉ። ሸምሲያም ማታ ማታ ራሷን የምትጠይቀው ነገር ቀንሷል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። የጀማል ወባ በዘሩ ከቡሽራው እንደሚለይ በዓይኗ አላየችም፤ ያንን የሚለይ መሣሪያ ያለው ሶፊያ ባሉት መምህሯ ዘንድ ነው። ፖስታ ቤት ሄዳ ቴሌግራም ጻፈች፦ «በአንድ ቤት ሁለት ዘር ወባ ያገኘሁ ይመስለኛል። ደሙን ልላክልዎ?»

የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ አስቴር፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነውና፣ ትርጉሙን አስነግራ አነበበችው። «ሰላምታ የለውም?»

«ጨምሪበት።»

«ምን ልበል?»

ሸምሲያ ጥቂት አሰበች። «ደህና ነኝ በይ። እውነት ነው።»

ቴሌግራሙ በዚያው ቀን ሄደ። ደሙ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከአቶ እንደሻው ሎሚዎች ጎን ተቀምጦ ጠበቀ። ሳምንታት አለፉ፤ መልስ ግን አልመጣም።