ወራጅ አለ

"ወራጅ አለ!"

ጩኸቱ ከኋላው ሲመጣ የሹፌሩ ቀኝ እግር ሳያስበው መሬቱን ረገጠ። የረገጠው ግን ፍሬን ሳይሆን ጠጠር ነበርና ተንሸራቶ በመቀመጫው ዘጭ አለ።

ሃያ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ይህን ቃል ሰምቶ ካላቆመ እንቅልፍ አይወስደውም። ግን እዚህ ተራራ ላይ ከየት መጣ? ማለዳ የመጨረሻዋ መኪና እሱን አውርዳ ከተመለሰች ወዲህ አምስት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ቆይቷል፤ ጎማ የነካው መሬት አላየም። መንገድ የጠየቀው ሰው ሁሉ "ቅርብ ነው" ብሎታል። የተራራ ሰው "ቅርብ" ለሌላ ሰው ጉልበት እንደማይራራ አሁን ገብቶታል።

ዞር ሲል ሦስት ልጆች በአንድ መስመር እየመጡ ነው። ከፊት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ለከሰዓቱ ትምህርት ደብተሮቿን በፌስታል አንጠልጥላለች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ረጅም ልጅ፣ ከኋላ ደግሞ ጉንጩ የሞላ አንድ ትንሽ ልጅ አለ። ረጅሙ ከመስመሩ ወጣና ወደ ጎን በምትታጠፈው ቀጭን መንገድ ሄደ። ልጅቷ በደንብ መራቁን ካየች በኋላ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቋጥኝ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ "ሳበው!" ብላ ጮኸች። የቀሩት ሁለቱ ተንቀሳቀሱ።

አጠገቡ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች። "ወድቀው ነው አባባ?"

"ተቀምጬ ነው" አለ ሹፌሩ። ሱሪው እንጂ ኩራቱ አልተቀደደም። "ወራጅ አለ ያለው ማነው?"

"ያ ረጅሙ ነዋ። አክስቱ ቤት ዕቃ አድርሶ ይደርስብናል። ወራጅ ካለ ይቆማል፤ ሰው ሳይወርድ አይኬድም።"

"አንቺስ ማነሽ?"

"እኔ ረዳት ነኝ" አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ሹፌሩ ሳቁን ዋጠው። "የማን ረዳት?"

"የክፍላችን ነዋ! ክፍል ስንገባ ሂሳብ እሰበስባለሁ።"

"ከማን ነው ሂሳብ የምትሰበስቢው?"

"ከሁሉም። የመደመሩንም፣ የመቀነሱንም። ሠርቶ ያልመጣ ካለ 'ሂሳብ! ከኋላ ሂሳብ!' እያልኩ አጠገቡ እቆማለሁ። ሲያፍር ይሠራዋል።"

"እንዲህ በይ ያለሽ ማነው?"

"ቲቸር።"

"ቲቸር" የሹፌሩ ልጅ ናት፤ አንድያ ልጁ። እዚህ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። እሱም ይህን ሁሉ ተራራ የወጣው ሊጠይቃት ብቻ አልነበረም። የደረት ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ የዝውውር ወረቀት አለ። ከቤታቸው ሁለት ፌርማታ ብቻ በሚርቅ ትምህርት ቤት አንድ ክፍት ቦታ ተገኝቷል፤ እሱንም ያገኘው ዘወትር ጠዋት በእሱ አውቶቡስ የሚሄድ አንድ የትምህርት ቢሮ ሠራተኛን ለሁለት ወር ለምኖ ነው። የሚጎድለው የእሷ ፊርማ ነው። እስከ ሰኞ ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በስልክ ሲነግራት "ተወው አባዬ፣ እኔ እዚህ ደህና ነኝ" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ሚስቱ ግን "ሳታስፈርማት እንዳትመለስ! ፊት ለፊት አባቷን እንቢ አትልም" ስትለው እሺ ይበልጣል ከሺ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። እውነቱን ለመናገር እሱንም ናፍቃዋለች። ቤቱ ያለ እሷ ቤት አልሆን ብሎታል።

"እኔ እኮ አባቷ ነኝ" ሊል አፉን ሲከፍት ትንሹ ልጅ ቀደመው። ድምቡሼ ይሉታል።

"የቲቸር አባት አውቶቡስ ናቸው።"

"አይደሉም!" አለች ረዳቷ። "ስንቴ ልንገርህ? አውቶቡስ የሚነዱ ናቸው። ይቅርታ አባባ፣ ይሄ ልጅ አውቶቡስ አያውቅም።"

"አንቺስ ታውቂያለሽ?"

ረዳቷ ትንሽ አሰበች። "በወሬ አውቃለሁ። ብዙ መስኮት አለው፣ ሰባ ሰው ይይዛል፣ ይሄዳል።"

"ቤት አይሄድም" አለ ድምቡሼ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ። "የሚሄድ ከሆነ እንስሳ ነው።"

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለው። "ለመሆኑ ቲቸር ስለ አባቷ ታወራለች?" ብሎ ጠየቀ፣ እንደ ዋዛ። ዋዛ ግን አልነበረም።

ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሳለች በእሱ አውቶቡስ ነበር የምትሄደው። ትምህርት ቤቷ በር ላይ ፌርማታ አለ። እሷ ግን ሁልጊዜ አንድ ፌርማታ ቀድማ፣ እንደማያውቀው ተሳፋሪ "ወራጅ አለ!" ብላ ትወርድና የቀረውን በእግሯ ትሄዳለች። ጓደኞቿ የአባቷን ሥራ እንዳያዩ መሆኑን ያውቅ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቃትም። በሩን ከፍቶ ያወርዳታል፤ እስክትርቅ ድረስ በመስታወቱ ያያታል።

"አውርታ አትጠግብም!" አለች ረዳቷ። "አባቴ ዝናብ የሚመታውን ሰው ጥሎ አልፎ አያውቅም ትላለች። አውቶቡሱ ሞልቶ እንኳ 'ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም' ይላል ትላለች። አምና እኛ ከላይኛው መንደር አሥራ ዘጠኝ ሆነን ለመመዝገብ ስንመጣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴዎች 'ሞልቷል፣ ተመለሱ' አሉን። ቲቸር በሩ ላይ ቆማ ውስጥ ላሉት እንደ አባቷ አለቻቸው። 'ጠጋ ጠጋ በሉ።' ሁላችንም ገባን።"

"አሥራ ዘጠኛችሁም?"

"አሥራ ዘጠኛችንም። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ።"

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ክር ማሰር ጀመረ። በሥራ ዘመኑ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶታል፤ አንድ ጊዜም የእጅ ሰዓት ተሸልሟል። እንዲህ ኮርቶ ግን አያውቅም። ልጆቹ ፊቱን እንዳያዩ ክሩን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

"አባባ፣ እንሂድ እንጂ። ቅርብ ነው" አለች ረዳቷ።

ሌላ አንድ ሰዓት ሄዱ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ የሚገቡትን ትቆጥራለች። ከስታለች፤ ፊቷንም ፀሐይ መትቶታል። አባቷን ስታይ የያዘችው ጠመኔ ከእጇ ወደቀ።

"አባዬ! ምነው ሳትነግረኝ?"

"ስልክሽ መቼ ይሠራና?"

"በዚህ ጉልበትህ? በእግርህ?"

"ቅርብ ነው አሉኝ።"

እየሳቀች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ድምቡሼ በሹፌሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረና "ጎማ የላቸውም" ሲል ለጓደኞቹ አስታወቀ።

ረዳቷ አፏን በእጇ ያዘች። "እርስዎ ነዎት እንዴ? ምነው መንገድ ላይ ዝም አሉኝ?"

"ተሳፋሪ ነበርኩ። ረዳት ስትናገር ተሳፋሪ ዝም ይላል።"

ተማሪዎቹ ለሁለት ሰው በተሠራው አግዳሚ ላይ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የፊተኛውን አግዳሚ "ጋቢና" ይሉታል። ረዳቷ "ጠጋ ጠጋ በሉ! ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም!" አለችና ለሹፌሩ እዚያ ቦታ ተገኘለት። ጉልበቶቹ አገጩ ጋ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም።

መምህርቷ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። "ወረቀቱን ይዘህ ነው የመጣኸው፣ አይደል?"

"ይዣለሁ።"

"እማዬ ናት የላከችህ።"

"እሷም ናት። እኔም ነኝ።"

ፈገግታዋ ጠፋ። መልስ ልትሰጠው ስትል ድምቡሼ ብድግ አለ። "አውቶቡስ ይሳሉልን!"

ክፍሉ ሁሉ በአንድ አፍ "ይሳሉልን!" አለ። ረዳቷ የወደቀውን ጠመኔ አንስታ ሰጠችው። የጥፍር ያህል ነው የቀረው፤ ሌላ እንደሌለ ከአያያዟ ገባው።

"ይሄንንስ ለሂሳብ አስቀምጪው" አለና እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ወረቀቱንና ለፊርማዋ የያዘውን እስክሪብቶ አውጥቶ ወረቀቱን ዘረጋው። ማኅተሙን፣ ቀኑንና ለፊርማ የተተወውን ባዶ መስመር አንድ ጊዜ አየና ገለበጠው።

"አባዬ፣ እሱ እኮ..."

"ጀርባው ባዶ ነው።"

ልጆቹ ተንጋግተው ከበቡት። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ሳለ፤ ከዚያ ጎማዎቹን፣ መሪውን፣ መስታወቱን። ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ገና አላሰበበትም። በመጨረሻ ከአውቶቡሱ ፊት አንድ አጥርና ሰፊ በር ሳለ፤ ከበሩ አጠገብም ቀጭን ምሰሶ አቆመ።

"ይሄስ ምንድነው?" አለ ድምቡሼ።

"የትምህርት ቤት ፌርማታ" አለ ሹፌሩ፣ ቀና ሳይል።

መምህርቷ ከኋላው ቆማ ሥዕሉን ታያለች። ረዳቷ ግን ሥራዋን አልዘነጋችም። ጣቷን የአውቶቡሱ በር ላይ አሳረፈችና ክፍሉን ቃኘች።

"ወራጅ አለ?"

ሹፌሩ ዞሮ ልጁን አያት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"እኔ ወርጃለሁ አባዬ። እዚሁ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ።"

ሹፌሩ የተቀመጠበትን አግዳሚ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

"ሳበው!" አለ።