ካሸነፍኩህ ትቀራለህ

ወንድሜ ምስጋናው በአይከል አድርጎ መተማ፣ ከዚያም ሱዳንን አቋርጦ ሊቢያ ሊሄድ መሆኑን የነገረኝ እሑድ ምሳ ላይ ነው። እማዬ ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጣለች። ደላላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ይጠብቀዋል።

"ሱዳን እኮ ጦርነት ላይ ናት!"

"እዚህስ ምን አለኝ? ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ማየት ሰለቸኝ። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አለቀስኩ። ልቡ ደንድኗል። ሌላ መላ ሲጠፋኝ የመጫወቻ ካርታውን ከአልጋው ሥር አወጣሁ።

"ካሸነፍኩህ ትቀራለህ።"

ሳቀ። አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅማ! "እማዬ ትሙት፣ እቀራለሁ" አለ።

ካርታውን ካርቶን ቆርጦ፣ ሥዕሉን ስሎ የሠራው ራሱ ነው። ጨዋታው የሁለት ሰው ነው። ሁለታችንም እኩል ደሃ ሆነን፣ ገበሬና ጥቂት ጦረኛ ይዘን እንጀምራለን። በየተራው አምስት ካርታ ይሳባል። ገበሬ እህል ይሰጣል፤ ጦረኛ የባላጋራን ነፍስ ይቀንሳል። በእህሉ፣ መሃል ላይ ከተዘረጋው ገበያ ጠንቋይ፣ ፈረሰኛ፣ ባለ ክንፍ አንበሳ ይገዛል። የተገዛው ግን ወዲያው እጅ አይገባም፤ ክምሩ ሲያልቅ ከሌላው ጋር ተበውዞ ነው የሚመጣው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

ሌላ ጊዜ ያማረኝን ሁሉ ስለምገዛ ክምሬ በማይረባ ይሞላል። ያን ቀን ግን መናኙን ገዛሁ። መናኝ በወጣ ቁጥር አንድ ደካማ ካርታ ከክምሩ ያባርራል። ገበሬዎቼን አንድ በአንድ አሰናበትኩ። ክምሬ ሳሳ፤ ፈረሰኞቼም ቶሎ ቶሎ ይመለሱልኝ ጀመር። እሱ ግን ዘንዶውን ገዛ። ዘንዶ ከተጣለ ጨዋታው ያልቃል፤ የጣለው ያሸንፋል። ክምሩ አልቆ እንደገና በወዘ፤ አምስት ካርታ ሳበ።

በተራው ሁለት ገበሬ ብቻ ጣለ። "የቀረው አይረባም" ብሎ ሦስቱን ካርታ ደፍቶ አስቀመጠ። "እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ!" እያልኩ ሳብኩ። ሦስት ፈረሰኛ! ነፍሱን ጨረስኩት።

ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

"በቃ፣ ቀርቻለሁ" አለኝ ፀጉሬን እያሻሸ። "በይ አሁን ሱቅ ሂጂና ለድልሽ ለስላሳ ይዘሽ ነይ።"

ካርታውን እየሰበሰብኩ የደፋቸውን ሦስቱን ገለበጥኩ። አንዱ ዘንዶው ነበር። ጥሎት ቢሆን ኖሮ ፈረሰኞቼን ባልሳብኳቸው።

ሊቀር ፈልጎ ይሆናል ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ። ግን አውቀዋለሁ፤ ምስጋናው ልጅ ሆነን በጠጠር ጨዋታ እንኳን ተሸንፎልኝ አያውቅም። መሐላውን የሚፈራ ቢሆን ከልቡ ይጫወት ነበር፤ የተሸነፈልኝ ሱቅ ልኮኝ ሊሾልክ ነው። ቀና ስል የጫማውን ክር እያጠበቀ ነው። ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል።

"እሺ፣ ሱቅ ደርሼ መጣሁ" አልኩት።

ወጥቼ የግቢውን በር ከውጭ ቀረቀርኩት። ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ፣ እሳት ሳይነሳ፣ ሌባ ሳይገባ፣ በጠራራ ፀሐይ ጮኽኩ።

"ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!"

"ልዕልት! ክፈቺ! አታዋርጂኝ!" ምስጋናው ከውስጥ በሩን ይደበድባል። እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ።

ለቀስተኛው ሁሉ ከድንኳኑ ተግተልትሎ መጣ። እማዬ ነጠላዋን እየጎተተች ከፊት ትሮጣለች።

"ምነው ልጄ? ማን ሞተብኝ?"

"እስካሁን ማንም" አልኳት፣ በሩን በጀርባዬ ደግፌ።