በንፋስ የሚመታው ሚስማር

ገብረሃንስ ገበያ ሲወጣ የሚፈልገውን ዕቃ ቀና ብሎ አያይም። ሾላ ገበያ ያስተማረው ብልሃት ነው፤ የወደዱትን ማጣጣል፣ ያልወደዱትን ማገላበጥ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው «ይሄስ ስንት ነው?» ማለት። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ሳያደርግ የሚገዛ ሰው ካለ ወይ ሀብታም ነው ወይ እንግዳ ነው።

የዚያን ቅዳሜ የሄደው ግን ቦሌ ነበር። ከኤርፖርቱ መንገድ ገባ ብሎ የሚኖር አንድ ስዊድናዊ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ይሸጣል። በደርግ ዘመን የፈረንጅ መሄድ ለሰፈሩ እንደ ዓመት በዓል ነው፤ የቀበሌ ሱቅ በሕልሙም አይቶት የማያውቀው ነገር ሁሉ ሳር ላይ ይዘረጋል።

ገብረሃንስ አናጺ ነው፤ ጎበዝ አናጺ። በፋሲካ ሰሞን ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ግራ እጁን ተጎዳ። እጁ ዳነ፤ ጣውላ ያነሳል፣ እንጨት ተጭኖ ይይዛል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ግን እንደደነዘዙ ቀሩ። ቀጭን ሚስማር ቆንጥሮ መያዝ አቃተው። ሚስማር የማይዝ አናጺ ደግሞ ምን አናጺ ነው? ይህን ጉድ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ረቂቅ ሥራ ሲመጣበት «እንጨት ጠፍቷል» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያ ጊዜ ያልጠፋ ነገር ስላልነበረ የተጠራጠረው የለም።

ሚስቱን አስመረትንም በሰበብ ነው የሸኛት። የሳሎናቸው ኮርኒስ ዙሪያውን ክፈፍ ቀርቶት፣ አቧራ በስንጥቁ እየረገፈ፣ ክፈፉ ግን ተልጎ ተቀብቶ አልጋ ስር ተኝቷል። እንጨቱ ቤት ውስጥ ስላለ ለእሷ «ጊዜ አጣሁ» ነበር የሚላት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ለመነች፣ ኋላ ዝም አለች። ዝምታዋ ነው የከበደው።

ከጉዳቱ በኋላ መሐንዲሱ ዘንድ፣ ቀጭን ሚስማር የማያስነካ በር ሊጠግን በሄደ ጊዜ ነው መሣሪያውን ያየው። ሰውየው በአንድ እጁ ክፈፍ ግድግዳ ላይ ተጭኖ፣ በሌላው የሽጉጥ መሳይ ነገር ምላጭ ሳበ። ጥሽ! አለና ሚስማሩ ገባ። ጣት የለ፣ መዶሻ የለ፤ የሚገፋው ንፋስ ነው። ገብረሃንስ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ንፋስ ደግሞ በሽ ነው። ወዳጁ እንድሪስ ላምበረት አጠገብ ጎሚስታ ነው፤ ኮምፕረሰሩ የክፍለ አገር አውቶቡስ ጎማ የሚነፋ ነው። ስለዚህ ለግዢው ይህን ወዳጁን ይዞ መጣ። እንድሪስ የወሎ ሰው ነው፤ ሳቂታ፣ ለወዳጅ ሟች። በዚህ ወር ግን ትንሽ ቀዝቅዞታል፤ ለቤቱ የብርጭቆ መደርደሪያ ቢለምነው «እንጨት ጠፍቷል» ስለተባለ።

ግቢው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የሚስማር መምቻ መሣሪያ ነበር፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። እንድሪስ ትልቁን አነሳና መዘነው። «ብረት ማለት ይሄ ነው! እሱን ተወው፣ ይሄን ያዝ።»

ገብረሃንስ ግን ያውቃል። ትልቁ ለጣራ ማገር እንጂ ለክፈፍ አይሆንም፤ ቀጭን እንጨት ቢያገኝ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ትንሹ አፉ ጠባብ ነው፣ ጥግ ይገባል፤ ለአንድ እጅ አይከብድም። ራስ የሌላቸው ቀጫጭን ሚስማሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተያይዘው በካርቶን ሙሉ አብረው አሉ፤ ያ ባይኖር መርካቶን ቢያስሱት አይገኝም። በመሐንዲሱ ጋራዥ ውስጥ ካለው ኮምፕረሰር ጋር አገናኝቶ አንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከረው። ጥሽ! እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ ሚስማሩ የገባበት በዓይን አይታይም። ልቡ ዘለለ። ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደና ወደ መሐንዲሱ ዞረ።

«ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው። ምን ይይዛል?»

እንድሪስ ምልክቱን ወዲያው ተረዳ። ገበያ አብሮ የሄደ ወዳጅ ድርሻው የታወቀ ነው፤ ማጣጣል፣ እጅጌ መጎተት፣ እንሂድ እንሂድ ማለት። «ወላሂ ብር መጣል ነው! ነገ ይበላሻል። ተው ባክህ፣ እንሂድ።»

ሄዱ። ቀስ ብለው፣ መጠራትን እየጠበቁ። ሾላ ቢሆን እጃቸው ተይዞ ይመለሱ ነበር። እዚህ የጠራቸው የለም። በሩ ጋ ደርሰው ገብረሃንስ ዞር ቢል፣ ፈረንጁ ትንሹን መሣሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አገሩ በሚጭነው ሣጥን ውስጥ እያስገባ ነው።

ሮጦ ተመለሰ። «ምነው? ምን እያደረጉ ነው?»

«እርስዎ ባለሙያ ነዎት» አለ መሐንዲሱ፣ ተለማምዶት በያዘው ጥንቅቅ ያለ አማርኛ። «መጥፎ ነው ካሉ መጥፎ ዕቃ ለሰው ልሸጥ አልችልም። አፍራለሁ።»

«ኧረ ለዋጋ ነው! ያልኩት ለዋጋ ነው!»

«እንግዲያው ጥሩ ነው?»

«እጅግ ጥሩ ነው።»

ፈረንጁ ሣጥኑን ሊዘጋበት ያነሳውን መዶሻ እንደያዘ ቆመ። የተቆጣ ሰው አይመስልም፤ ግራ የገባው ነው። «ጠዋት ነጋዴዎች መጥተው ነበር፣ አትርፈው ሊሸጡት። አልሰጠኋቸውም። ለሚሠራበት ሰው ነው የምፈልገው። እርስዎ ደግሞ ጥሩ እጅ አለዎት፣ በሬን ሲሠሩ አይቻለሁ። ይሄ ምን ያደርግልዎታል?»

እንድሪስ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ገብረሃንስ ግን ከሣጥኑ ጠርዝ አንዲት ቀጭን ሚስማር አነሳና በግራ እጁ ሊይዛት ሞከረ። ወደቀች። ጎንበስ ብሎ በቀኙ አነሳት፣ በግራው ያዛት። ደግማ ወደቀች። ሰው ሁሉ የሚያየው መሰለው፤ የሚያዩት ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«እጄ ከፋሲካ ወዲህ ደንዝዟል» አለ። «እንጀራዬ ነበር። ሌላ አልዋሽም።»

መሐንዲሱ ሣጥኑን ከፈተ፣ ጨርቁን ፈታ፣ የሚስማሩን ካርቶንና የቅባቱን ጠርሙስ ጨምሮ ሰጠው። በዋጋውም ያለ ክርክር ተስማሙ፤ ገብረሃንስ ሳይከራከር ሲገዛ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

መንገድ ላይ ዕቃውን የተሸከመው እንድሪስ ነው።

«እኔ እኮ የናቅኸኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «መደርደሪያ ይጥፋ! ምናለ ብትነግረኝ?»

«አፈርኩ።»

«አስመረትስ ታውቃለች?»

ገብረሃንስ መሬት መሬት አየ።

እንድሪስ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ነገ ለሚሄድ ፈረንጅ የነገርከውን አብራህ ለምታድር ሴት ደበቅህ? ስማ፣ መሣሪያው ያንተ ነው፣ ንፋሱ ግን የኔ ነው። ሳትነግራት ላምበረት ብትመጣ አንዲት ትንፋሽ አልሰጥህም።»

አስመረትን ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ አገኛት። በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። መሣሪያውን ሊያሳያት ፈልጎ ነበር፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት ዓይነት እንዳለ፣ ለምን ትንሹን እንደመረጠ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ግራ እጁን ብቻ ዘረጋላት።

«እነዚህ ሁለቱ ሞተዋል» አላት። «የወደቅሁ ጊዜ ነው። ክፈፉንም ያልመታሁት ለዚህ ነው። ጊዜ አጥቼ አልነበረም።»

አስመረት ቢላዋውን አስቀመጠች። አውራ ጣቱን ይዛ በጥፍሯ ቆነጠጠችው፤ ፊቱን አየችው። አልተለወጠም። ይበልጥ አጥብቃ ቆነጠጠችው። ምንም። ያኔ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከሽንኩርቱ አልነበረም።

«ማታ ማታ እጄን መያዝ ስትተው» አለች፣ «እኔን የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።»