ሰላምታ የነፈገ ዓይን

ናዕማ ኩራተኛ ናት ትባል ነበር። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት መንገድ ዳር ባለው ሱቋ ውስጥ ወፍራም መነጽሯን ሰክታ ከደንበኛው ሁሉ ጋር ስትስቅ ትውላለች። ሱቋን ዘግታ ወደ ቤት ስትሄድ ግን መልኬን ያበላሸዋል ብላ መነጽሩን ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ያን ጊዜ አባቷም ቢመጣ ከግንድ አትለየውም። መንደሩ ይህን በምን ይወቅ? “እያየችኝ አለፈች” ነው የሚለው። አገሩ ሁሉ እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚያ የኖሩት ጎረቤቷ ጋሽ ቡልቻ እንኳ፣ አንድ ቀን ባርኔጣቸውን ቢያነሱላት ዝም ብላቸው አለፈች አሉ። ከዚያ ወዲህ ሱቋን ረግጠው አያውቁም። ይህን ከሰው ስትሰማ አዘነች፤ ያለ መነጽር እንደማታይ ለመናገር ግን አፈረች።

ዓይን በሌዘር ጨረር ይስተካከላል ሲባል ሰምታ ከባሏ ከሀይረዲን ጋር ወደ ዓይን ሕክምና ቤት ሄደች። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳቻቸው።

“አንደኛው መንገድ የብሌኑን ፊት እንደ ክዳን ቆርጦ ገልጦ ከሥሩ በሌዘር ማስተካከል ነው፤ በማግስቱ ታያለሽ። ሁለተኛው ክዳን የለውም፤ የላዩን ስስ ሽፋን ልጦ እዚያው ላይ መሥራት ነው። ያማል፤ ዕይታሽም እስኪረጋ ወራት ይፈጃል።”

“እባክዎ የማግስቱን ያድርጉላት” አለ ሀይረዲን።

“የእሷ ብሌን ስስ ነው፤ ክዳን ከተቆረጠበት ሊዳከም ይችላል። ያለ ሌዘር ዓይን ውስጥ ሌንስ የሚከተትበት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እሱን ግን እዚህ አንሠራም።”

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አለች ናዕማ። “የሚያመው ይሁንልኝ።”

ሕመሙ ቀልድ አልነበረም። ጥቁር መነጽር አድርጋ ቤቷ ተኝታ ሳለ ያ “ኮራችብን” ያለው መንደር ሊጠይቃት ጎረፈ። ሁሉንም በድምፃቸው ለየቻቸው። መጨረሻ ላይ ከደጅ አንድ የምታውቀው ሳል ሰማች።

“ጋሽ ቡልቻ ነዎት?”

“ነኝ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት። ምን እንዳስቀየምኩሽ ግን እስካሁን አላወቅኩም።”

ናዕማ ማልቀስ ለዓይኗ እንደማይበጅ እያወቀች አለቀሰች።

“አላየሁዎትም እኮ፣ ጋሽዬ። እዚያ መንገድ ላይ ማንንም አላይም ነበር።”

ሽማግሌው ሳቁ። “እኔ ደግሞ በከንቱ እንቅልፍ አጣሁ” አሉ።

ክረምቱ ወጥቶ ዓይኗ ሲረጋ፣ አንድ ጠዋት ከአስፋልቱ ማዶ ጋሽ ቡልቻን የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር ያለ መነጽር አየቻቸው። ደስ ብሏት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሽማግሌው ፊት ለፊት እያዩዋት ዝም ብለው አለፉ።

ናዕማ ለአፍታ ደነገጠች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ እጃቸውን ያዘች።

“ጋሽ ቡልቻ፣ ናዕማ ነኝ።”

“አንቺ ነሽ እንዴ? በሞትኩት፣ ጥላ መስሎኝ እኮ ነው።”

“ነገ ሱቁን ሀይረዲን ይከፍተዋል” አለቻቸው እጃቸውን ሳትለቅ። “እኔና እርስዎ ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን።”