ባዶው ብልቃጥ

በባዶው ብልቃጥ ውስጥ እርሳስ፣ መርዛማው ማዕድን፣ ተገኘ። ምንም መገኘት አልነበረበትም፤ አሲድ ብቻ ነበር የተጨመረበት።

ኑሰይባ ለሦስተኛ ጊዜ ለካችው። ቁጥሩ ያው ነው። ከጎኑ የሃያ አራት ሕሙማን የጉበት ቅንጣት ደርቆ፣ ተመዝኖ፣ በአሲድ ሟሙቶ ተደርድሯል። ማሽኑ በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት መዳብ፣ ስንት ብረት፣ ስንት እርሳስ እንዳለ ይናገራል። ባዶው ብልቃጥ ደግሞ በሠራተኛው ላይ ይመሰክራል፤ እሱ ከቆሸሸ ሁሉም ቆሽሿል ማለት ነው።

ችግሩ የጀመረው ረቡዕ ነው። እትዬ አበዛሽም ይህን ክፍል ማጽዳት የጀመሩት ረቡዕ ነው። ዛሬ ጠዋት አለቃዋ ዶክተር ሞሊ ስትጠይቃት፣ ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረባት ኑሰይባ ሁለቱን ለመደመር ደቂቃ አልፈጀባትም። «አቧራ ነው፤ ከአዲሷ ጽዳት ሠራተኛ ነው» አለች። ሞሊም ለጽዳት ድርጅቱ ደውላ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው እንዲልክ ጠየቀች። ድርጅቱ ሌላ ሕንፃ ካላገኘላቸው የእትዬ አበዛሽ ሥራ አበቃ። እሳቸው ግን ገና አልሰሙም።

ከምሳ በኋላ ባልዲያቸውን እየገፉ ገቡ።

«ውይ የኔ ልጅ፣ ኩልሽ ጉንጭሽ ላይ ወርዷል!»

ኑሰይባ ዓይኗን ጠረገች። የአውሮራ ከተማ ደረቅ ነፋስ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳክካት ነው የከረመው።

«በጓንትሽ? ተይ እንጂ! እዪው፣ የጓንትሽ ጣት ጠቆረ።»

«ለዒድ የተኳልኩት ነው። አክስቴ ለእኔና ለእህቴ ከመካ ያመጡልን።»

«ዒድ ረቡዕ አልነበር እንዴ? እኛ ቸርች እንኳን ኩል አናበዛም። ያምርብሻል ግን። ብቻ እዚህ ማን እንዲያይሽ ነው? ጉበቱ?»

በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ኑሰይባ አልሳቀችም። ጣቷን እያየች ነበር።

«እትዬ፣ ረቡዕም እንዲህ ስጠርግ አይተውኛል?»

«ረቡዕም፣ ትናንትም። ገና ሳንተዋወቅ እንዳላስቀይምሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እሳቸው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ ኑሰይባ ጓንቷን ቀየረች። የዓይኗን ቆብ በንጹሕ ጥጥ ጠርጋ ጥጡን አሲድ ውስጥ ከተተች፤ አሞቀች፤ አቀጠነች፤ ለካች። ቁጥሩ ማሽኑ ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ሆነ።

መጀመሪያ የደወለችው ለእህቷ ለዙህራ ነው።

«ኩሉን ለሕፃኗ እንዳትቀቢ። ውስጡ እርሳስ አለ።»

«ምን ትያለሽ? ከመካ የመጣ እኮ ነው!»

«ማሽኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ቀብተሻታል?»

«ነገ የልደቷ ፎቶ ስለሆነ ላደርግላት ነበር...»

«አልሐምዱሊላህ። ጣዪው።»

ስልኩን ዘጋች። አንዲት ሴት ጉንጭሽ ቆሽሿል ብለው ባይነግሯት ኖሮ ነገ የሕፃኗ ዓይን ይኳል ነበር፤ የሃያ አራት ሰው ውጤትም በሐሰት ይወጣ ነበር። ደግነቱ የእያንዳንዱ ጉበት ግማሽ ፍሪዘር ውስጥ አለ፤ እንደገና ይሠራል። እንደዚህ ከልቧ ያመሰገነችበትን ቀን አታስታውስም። የምታመሰግናቸውን ሰው ደግሞ ጠዋት ከሥራ አስወጥታለች።

ወደ ሞሊ ቢሮ ገብታ ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ። ኩሌ ነው። ለድርጅቱ አሁኑኑ ደውዪ።»

«ኢሜይል እጽፍላቸዋለሁ።»

«እስክትደውዪ እዚሁ እቆማለሁ።»

ሞሊ ደወለች። እትዬ አበዛሽ እንደሚቆዩ ተነገራት። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ መነጽሯን አወለቀች።

«አንድ ወር ማሽኑን አትነኪም። ሪፖርቱ ላይ ስምሽን አሰፍራለሁ።»

«አስፍሪው።»

«ሴትዮዋ ግን ምንም አልሰማችም። አንቺ እንደከሰስሻትም አታውቅም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይጎዳም።»

እውነቷን ነው፣ ማንም አይጎዳም። እትዬ አበዛሽ ሰኞም በዚያው ሳቅ ይገባሉ፤ «የኔ ልጅ» ማለታቸውም አይቀርም።

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለች ኑሰይባ። «እነግራቸዋለሁ።»

ከኮሪደሩ ጫፍ የባልዲው መንኮራኩር ይሰማል። ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።