የሮቦቱ ሁለተኛ ዓይን

አርብ ገበያ ከተማ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ መብራት እንደሆነ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። የመዓዛ ላፕቶፕ ዐሥር በመቶ ባትሪ ቀርቶታል። ባሕር ዳር ያለው የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ ሥዕል የሚቀበለው እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ለዚያውም ከአንድ ሰው አንድ ሥዕል። ከተመረጠች የመጽሐፉ ሠዓሊ ትሆናለች፤ ሰዓቱ ካለፈባት ግን አበቃ። አሁን ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው።

የሳለችው ሮቦት አምሮበታል። ሕፃናትን እጃቸውን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሆደ ቡቡ ነው። ወደ ጎን ዞሮ ሲራመድ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ልትልከው ስትል አባቷ መሪጌታ ጥላዬ ከኋላዋ ቆሙ። የቤተ ልሔም ደብር ሠዓሊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ነው። ልጃቸው በኮምፒውተር መሳል ከጀመረች አራት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ዞር ብለው አይተውላት አያውቁም። ዛሬ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ደግ ነው ክፉ?»

«ደግ ነው፣ አባባ። የልጆች ጓደኛ ነው።»

«ታዲያ ምነው ባንድ ዓይን ሳልሽው? በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ኃጥእ ነው። ያገራችን ልጅ ይሄን ቢያይ እናቱ ጉያ ነው የሚገባ።»

መዓዛ ክው አለች። ቀለም እየበጠበጠች ያደገች የሠዓሊ ልጅ፣ ከማንም ቀድማ ይህን ማወቅ የነበረባት እሷ ነበረች። በራሷ ተናደደች። በአባቷም ተናደደች፤ ምናለ ትናንት ቢያዩት ኖሮ።

ፊቱን ማዞር ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ጠዋት ሥዕሉ ያለቀ መስሏት ሌየር የሚባሉትን የሥዕሉን ንብርብሮች ሁሉ አንድ ላይ አዋህዳቸዋለች፤ ዓይኑን ብቻ ነጥሎ ማስተካከል አይቻልም። እንዳለ ብትልከው በሁለት ደቂቃ ይደርሳል። ማውሱን ጨበጠች። ከዚያ የሮቦቱን ጭንቅላት ሙልጭ አድርጋ አጠፋችው።

ስድስት በመቶ። ክብ ራስ ሳለች፣ አንድ ዓይን አስገባች። አራት በመቶ። ሁለተኛውን ዓይን አስገባች።

«ብሌኑን ትንሽ ወደ ላይ» አሉ አባቷ በለሆሳስ። ወደ ላይ አደረገችው። ቀለም ሞላችና በስልኳ ኢንተርኔት መላክ ጀመረች። ግማሽ ሄደ፣ ከግማሽ አለፈ፣ ጥቂት ሲቀረው የላፕቶፑ ባትሪ አለቀና ስክሪኑ ድርግም አለ።

ሰዓቷን አየች። ለዐሥራ አንድ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ።

«ሄደ?» አሉ መሪጌታ። ፊታቸው እንዲህ ሲፈካ አይታ አታውቅም።

መዓዛ እንባዋን ዋጥ አደረገች። «ሄደ፣ አባባ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም እነግራለሁ» አሉ።